ከረጢት ያለው ሁሉ አውጥ አይደለም

በመስክ ላይ ስለሚገኙ የዱር ፍሬዎች የተጻፈና ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ጸሐፊው ምክራቸውን የሰጡት መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገጠር ለሚወጡ ወላጆች ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በመስክና በአጥር ሥር በቅሎ ፍሬው ወረቀት በመሰለ ከረጢት የተጠቀለለ ተክል ሁሉ አውጥ ነው፤ አውጥ ደግሞ የጥንት የአገራችን ምግብ ስለሆነ አይጎዳም፤ ከረጢቱ ከደረቀ ፍሬው በስሏል፤ ወፍና ፍየል የበላው ለሰውም ይሆናል፤ ያልበሰለው ቢሆን እንኳ ከተቀቀለ ችግር የለውም፤ የተጠራጠረ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ስሙን ማወቅ ይችላል። ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች አንዱን በከፊል እቀበለዋለሁ። የቀሩትን ግን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን ወደ ልጅ አፍ የሚገባ ነው።

የጸሐፊውን በጎ ሐሳብ አልክድም። በአውሮፓ ሱቆች ከነገለፈቱ በትንንሽ ሣጥን ተደርድሮ በውድ የሚሸጠውና በአብዛኛው ከኮሎምቢያ የሚመጣው ብርቱካንማ ፍሬ፣ እኛ ዘንድ በአጥር ሥር ወድቆ የሚረገጠው ያው ፍሬ መሆኑን ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። የከተማ ልጅ ይህን ፍሬ በገዛ እጁ ቀጥፎ ቢቀምስ እኔም ደስ ይለኛል። ክርክሬ ቀጥፎ የሚቀምሰው የትኛውን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ፤ የጽሑፉ ስሕተት ሁሉ የሚቀዳው ከዚሁ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ። «አውጥ» የሚለው ስም ራሱ አንድ ተክል ብቻ የሚጠራበት አይደለም። ብዙ ሰው አውጥ ሲባል መጀመሪያ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት፣ ጥቋቁር ድቡልቡል ፍሬዎቹን በትንሽ ዘለላ የሚያንጠለጥለውና በሳይንሳዊ ስሙ ሶላነም ኒግረም የሚባለው ተክል ነው። ይህኛው ጭራሹን ከረጢት የለውም። ከረጢት ያለውና የሚበላው ፊሳሊስ ፔሩቪያና የሚባለው ሲሆን አንዳንዱ አውጥ፣ አንዳንዱም የፈረንጅ አውጥ ይለዋል። ፊሳሊስ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ በአየር የተነፋ ነገር፣ ፊኛ እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው የሁለቱን ስም አንድ አድርገው ከረጢት ወዳለው ሁሉ ዘረጉት፤ እዚያ ላይ ነው የሳቱት።

ከረጢቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። አበባ ሲያብብ ከሥሩ አቅፎ የሚይዘው አረንጓዴ ልባስ አለ። በብዙ ተክሎች ይህ ልባስ አበባው ሲረግፍ አብሮ ይጠወልጋል ወይም ባለበት ይቀራል። በፊሳሊስ ግን አበባው ከረገፈ በኋላ ማደግ ይጀምራል፤ ፍሬው ገና የጤፍ ቅንጣት ሲያክል ልባሱ ይቀድመውና ይነፋል፣ አፉን ይገጥማል፣ ፍሬውም ውስጡ ሆኖ ያድጋል። ይህ ጠባይ የፊሳሊስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጸሐፊው ደንብ ይሠራ ነበር። ነገር ግን ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ትምባሆ በሚገኙበት በዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ልባሳቸው እያደገ ፍሬያቸውን የሚሸፍን ሌሎችም አሉ፤ ከቤተሰቡ ውጭም እንዲሁ።

ባለፈው ጥቅምት ዳንግላ አጠገብ፣ አንድ የወል ግጦሽ ከእርሻ በሚዋሰንበት የድንጋይ ካብ ሥር፣ በሃያ እርምጃ ውስጥ ሦስቱን ጎን ለጎን አገኘኋቸው። ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ነጠላዬ ላይ ዘረጋሁና በጥፍሬ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ፊሳሊስ ነበር። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። አበባው ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ያቀረቀረ ነው፤ ቀና አድርጎ ውስጡን ላየው አምስት ጠይም ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከረጢቱ አንድ ወጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ተቆልምሞ ስለተዘጋ ካልቀደዱት አይከፈትም። ስቀደው ከሥሩ በአንዲት ነጥብ ብቻ የተያያዘች፣ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያላት ብርቱካንማ ፍሬ ወጣች፤ ላይዋ ሙጫ ነገር ስላለው ጣቴ ላይ ተጣበቀች። ስትሰነጠቅ ውስጧ እንደ ቲማቲም ነው፤ ውሃ ያዘለ፣ ደቃቃ ጠፍጣፋ ዘር የሞላው።

ሁለተኛው ኒካንድራ ነበር፤ ሙሉ ስሙ ኒካንድራ ፊሳሎደስ ነው። ከሩቅ ላየው ያው ነው፤ እንዲያውም ከረጢቱ ከፊሳሊስ ስለሚተልቅ ቀድሞ ዓይን የሚስበው እሱ ነው። ግንዱና ቅጠሉ ግን ያን ከፋይ የመሰለ ጠጉር አልለበሰም፤ የቅጠሉ ጠርዝም ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነው። አበባው ቢጫ ሳይሆን ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ጉሮሮው ነጭ ነው፤ በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት በማለዳ ያለፈ ሰው ላያየው ይችላል። ዋናው ልዩነት ግን ከረጢቱ ነው፤ ለነገሩ ከረጢትም አይደለም። አምስት ክንፍ መሳይ ቅጠሎች ጠርዝ ለጠርዝ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ግርጌ እንደ ቀስት ራስ ሁለት ጆሮ አውጥቷል። በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ሳይቀደድ ይከፈታል። ውስጡ ያለው ፍሬ ሲበስል ቡናማና ደረቅ ይሆናል፤ ጫን ስለው ተሰነጠቀና ቡናማ ዘሩ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። የሚበላ ነገር የለውም፤ በመርዛማነት የሚፈረጅ ተክል ነው። ስሙን ያወጡለት ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን ስለ መርዝና ስለ ማርከሻው በግጥም በጻፈው በግሪካዊው ኒካንድሮስ ሰየሙት፤ ፊሳሎደስ ደግሞ «ፊሳሊስ መሳይ» ማለት ነው። ጸሐፊው ስሙን ብቻ ቢያነቡ ኖሮ ይህን ምላሽ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

ሦስተኛው ግዛዋ ነበር፤ ዊታኒያ ሶምኒፌራ። ይህን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም፤ ሥሩና ቅጠሉ ለቡዳ ይታጠናል፣ ለሌላም ሕመም ይፈለጋል። እንጨታም ቁጥቋጦ ነው፤ መላ አካሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ግራጫ ነው። አበባዎቹ ጥቃቅንና አረንጓዴ ቢጫ ሆነው ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ላይ ይጎነጎናሉ፤ ከረጢቶቹም እንደዚሁ አራት አምስት ሆነው ያለ ረጅም አገዳ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ሲከፈቱ ከሽምብራ የምታንስ ደማቅ ቀይ ዶቃ ትወጣለች። ከሦስቱ ለልጅ ዓይን በጣም የምታጓጓው ይህች ናት፤ እኔን በጣም የምታስፈራኝም እሷው ናት።

እነዚህ ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው። ዘመድ ያልሆነም አለ። በደጋ መስክ የሚገኘው ጎምፎካርፐስ ፍሬው እንደ ፊኛ የተነፋ፣ ላዩ ለስላሳ እሾህ መሳይ ጠጉር ያለው አረንጓዴ ከረጢት ነው፤ ቆላ የኖረ ሰው የሚያውቀው ጦቢያው የእርሱ ዘመድ ነው። የሁለቱንም ቅርንጫፍ ሲሰብሩት ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ ፍሬው ውስጥም ሥጋ ሳይሆን ሐር የመሰለ ጭገር የተቀጠለበት ዘር ነው ያለው። በወተቱ ውስጥ የልብን ምት የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች አሉ። በታረሰ መሬት ዳር የሚበቅለው ሒቢስከስ ትሪዮነም የሚባለው አረምም ወይን ጠጅ ሥር የተሰመረበት ስስ ፊኛ አለው፤ እሱ ቢያንስ አያሳስብም፣ ውስጡ ደረቅ የዘር ቤት ብቻ ስለሆነ የሚያጓጓው ሰው የለም። እንግዲህ በአንድ መስክ አምስት ዓይነት ከረጢት ሊገኝ ይችላል፤ ለምግብ የሚሆን ፍሬ የያዘው አንዱ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛ ያሉት አውጥ የጥንት ምግባችን መሆኑን ነው። ከረጢት ያለውን የሚበላውን አውጥ ማለታቸው ከሆነ ተሳስተዋል። የፊሳሊስ ፔሩቪያና አገር የአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ ፔሩ፣ ኢኳዶር፣ ኮሎምቢያ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ይህን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1763 ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ አካባቢ ብዙ ስለለማ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ በኬፕ ስም ይጠሩታል። ወደ እኛም ከባሕር ማዶ መጥቶ እንደ አገሩ የተዛመተ ተክል ነው፤ የፈረንጅ አውጥ የሚለው ስምም ይህን የሚያስታውስ ይመስለኛል። ኒካንድራም የመጣው ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ ምዕራብ ነው። ከሦስቱ በእውነት የጥንት የአገራችን የሆነው ግዛዋ ነው፤ አባቶቻችንም ግዛዋን በመድኃኒትነት እንጂ በምግብነት አላወረሱንም። «ጥንት የነበረ አይጎዳም» የሚለው ክርክር ከተነሳ ለጸሐፊው ሳይሆን በጸሐፊው ላይ የሚመሰክር ነው። መድኃኒት ከሆነ ምን ይጎዳል የሚል ቢኖር፣ መድኃኒት አዋቂ የሚመጥነው ነገር ነው እላለሁ። ይህው ግዛዋ በሕንድ አሽዋጋንዳ ተብሎ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በእንክብል ይሸጣል፤ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ የጉበት ጉዳት ማድረሱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ልጅ መስክ ላይ ቀጥፎ የሚበላው ደግሞ ማንም አልመጠነለትም።

በከፊል እቀበለዋለሁ ያልኩት ሦስተኛውን ነው። እውነተኛው ፊሳሊስ ሲበስል ከረጢቱ ከአረንጓዴነት ወደ ገለባ መልክ ይለወጣል፤ ይህ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ድርቀቱን ብቻውን ምስክር ማድረጋቸው ነው። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ፣ ተክሉ ሲታመም ወይም ከብት ረግጦ ቅርንጫፉን ሲሰብረው ከረጢቱ ይደርቃል፤ ፍሬው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የኒካንድራማ ደንበኛ መልኩ በጥቅምት መጨረሻ ደረቅና ቡናማ መሆን ነው፤ በጸሐፊው ደንብ ከሄድን ከሁሉ በላይ የበሰለው አውጥ እሱ ሊባል ነው። የበሰለ ፊሳሊስ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፉን ሲነቀንቁት በራሱ ይወድቃል፤ እረኞች የሚለቅሙት ከተክሉ ሳይሆን ከመሬት ነው። ከረጢቱ ተቀዶ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ብርቱካንማ ሆኖ ካልታየ፣ አረንጓዴ ቀለም አንዲት ጥግ ላይ እንኳ ከቀረ፣ መተው ነው። ጥጃ ጠባቂ ሳለሁ እኩዮቼን ለመቅደም ብዬ አረንጓዴውን ጭምር በልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳስመልስ አድሬያለሁ፤ እናቴ በማግስቱ የተናገረችኝን ልጽፈው አልችልም።

አራተኛው፣ ወፍና ፍየል የበላው ለሰው ይሆናል የሚለው፣ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አትሮፒን የሚባለው መርዝ ሰውን ያሳብዳል፤ ብዙ ጥንቸሎች ግን ይህንኑ መርዝ የሚሰባብር ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ ስላለ መርዙ ያለበትን ቅጠል በልተው እንደ ወትሮአቸው ይዘልላሉ። ከላይ በጠቀስኩት በጎምፎካርፐስ ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ መስመር ያለው አባጨጓሬ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን ሲግጥ ሁልጊዜ ይታያል። ያ አባጨጓሬ አድጎ ብርቱካንማ ቢራቢሮ ሲሆን ከተክሉ የወሰደውን መርዝ በአካሉ ይዞ ስለሚቆይ ወፎች ይሸሹታል። በዚህ ተክል ላይ አባጨጓሬ አይቶ «ይበላል» ብሎ የሚደመድም ሰው፣ ትሉ መርዙን ትጥቁ ያደረገው መሆኑን ዘንግቷል። የፍየል ሆድም የሰው ሆድ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ አልልም።

ስለ መቀቀል የተባለው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ጸሐፊው ለዚህ የሜክሲኮን ሰዎች በምስክርነት ጠርተዋል፤ በከረጢት ያለ አረንጓዴ ፍሬ ቀቅለው ድልህ ይሠሩበታል ብለዋል። እውነት ነው፣ ይሠሩበታል። ነገር ግን የሚጠቀሙበት ቶማቲዮ የሚሉት ሌላ የፊሳሊስ ዓይነት ነው፤ ፊሳሊስ ፊላደልፊካ ይባላል፤ በዘመናት ተመርጦ የተላመደ፣ ሲደርስም ከረጢቱን ሞልቶ የሚሰነጥቅ ትልቅ ፍሬ ነው። የእርሱን ጠባይ አምጥቶ ለዳንግላው የዱር ፊሳሊስ መስጠት፣ ድንች ይበላል ብሎ የድንችን ቅጠል ወጥ እንደ መሥራት ነው። ድንቹ ራሱ፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ከሆነ፣ በውስጡ የሚፈጠረው ሶላኒን የሚባል መርዝ በሚፈላ ውሃ አይጠፋም፤ ባለሞያ ሴቶች አረንጓዴውን ቆርጠው የሚጥሉት በከንቱ አይደለም። በእኛ ደጋ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ በዳንግላ ከፍታ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል።

ከዚህ የከፋ ምሳሌ ከጎረቤት አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ ለእርዳታ የታደለ የገንፎ ዱቄት የበሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመው አምስት ሞቱ። ምርመራው ያገኘው በዱቄቱ ውስጥ የተቀላቀለውን የዳቱራ ዓይነት አረም መርዝ፣ አትሮፒንንና ስኮፖላሚንን ነበር። ያ ዱቄት በጥሬው አልተቃመም፤ ተገንፍቶ ነው የተበላው፤ ገንፎ መሆኑም አላዳናቸውም። ዳቱራ እኛ አስተናግር ወይም ዐጤ ፋሪስ የምንለው ነው፤ ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሽቅብ የሚቆም፣ ሲደርቅ አራት ቦታ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ከአውጥ ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ አይደለም። ያነሳሁት የአንድ ቤተሰብ መርዞች በእሳት ይሸነፋሉ ብሎ መጻፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

የመጨረሻው የስልኩ ነገር ነው። ስልኩን አልጠላም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያየው ሰው ያሳየውን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ የሚያሳየው ከሁሉም ተክል ላይ የሚመሳሰለውን ነገር፣ ማለትም ከረጢቱን ከውጭ ነው። ፎቶው ቅርንጫፍ ሰብሮ ወተት መኖሩን አይነግረንም፣ ቅጠሉን ዳሶ ጠጉሩን አይለይም። የግድ ፎቶ ይነሳ ከተባለ አበባው ከፊት ለፊት፣ ቅጠሉ ከግንዱ የተያያዘበት ብብት፣ ከረጢቱ ተዘግቶ፣ ከዚያም ተከፍቶ ፍሬው እየታየ፣ አራቱም መነሳት አለባቸው። አበባ ካልተገኘ መብላቱ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከዚህም የሚሻለው ከነአበባውና ከነፍሬው አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርጎ፣ ከባድ ነገር ጭኖ ማድረቅና የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ዕፅዋት ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ ጀምሮ የአገራችንን ተክሎች የሚያስቀምጠው በዚሁ መንገድ፣ እያደረቀና እየለጠፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝርም እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ላይ የቆመ ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ጋር አራት ሥዕሎች አያይዘዋል። ሦስተኛው «የበሰለ አውጥ፣ ለመበላት የተዘጋጀ» ይላል። ሥዕሉን አጉልቼ አየሁት። አምስት ክንፎች ጠርዝ ለጠርዝ ቆመዋል፤ ከግርጌያቸው የቀስት ጆሮ አውጥተዋል፤ በስተግራ ጥግ ላይ ከኋላው አንድ የጠወለገ አበባ ይታያል፣ ሰማያዊ ነው። ሥዕሉን እንዲያነሱት በትሕትና እጠይቃለሁ።